ሊቁ ትሬቨርና የጠፋው አግዳሚ ወንበር

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሜን እንግሊዝ፣ ሃሊፋክስ ከተማ የታየው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1974 ነው። ወይስ ሚያዝያ ነበር? አንዳንዶች ፋሲካ አልፎ ነበር ይላሉ። እናቴ ግን በረዶው ገና ከድንጋዩ ካብ ሥር አልለቀቀም ነበር ትል ነበር፤ የእኛ አገር በረዶ ደግሞ ሚያዝያም ላይ ቢሆን አያፍርም። ሊቁ ትሬቨር ባራክሎፍ እዚህ ቢኖር ኖሮ ቀኑን ከነሰዓቱ፣ ከነዝናቡ ይነግረኝ ነበር። "በትክክል እንናገር ከተባለ፣ ጊሊያን፣ ሐሙስ ነው" ብሎ ይጀምር ነበር። እኔም እንደ ሁልጊዜው ጥርሴን ነክሼ እቆም ነበር።

በዚህ ደሴት ላይ ያለ መንደር ሁሉ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤትና አንድ ፊልም በቃሉ የሚያውቅ ሰው አለው። ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል። መጠጥ ቤቱም እየተዘጋ ነው። ሰውየው ግን አይዘጋም። የትም ብትሄዱ አታመልጡትም፤ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከኋላችሁ ይቆማል፣ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ከጎናችሁ ይቀመጣል። እናንተ ስለ ወገብ ሕመማችሁ ስታወሩ እሱ ፊልሙ ላይ ስላለው ወገብ ይነግራችኋል። የራሱ የሆነ ንግግር ያለው አይመስልም፤ ሌላ ሰው ጽፎ የሰጠውን ይዞ ነው የሚኖረው።

የኛ መንደር የሃግዴል ዕጣ ትሬቨር ሆነ። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳል፣ ሞባይል አልያዘም፣ ሊይዝም አያስብም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራው የጋዝ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዓመት አራት ጊዜ እያንዳንዱን ቤት የማንኳኳት ሕጋዊ መብት ነበረው። በር ከፍታችሁ ልታስገቡት ትገደዳላችሁ፣ ደረጃ ሥር ይገባል፣ ባትሪውን ያበራል፣ ከጨለማው ውስጥም ድምፁ ይመጣል፦ "ቆጣሪሽ አልፏል፣ የኔ ፍቅር። የቸኮለ ግን አይመስልም።"

ይህቺ መስመር ናት ዕድሜዬን የበላችው።

ፊልሙ "አግዳሚው የት ገባ?" ይባላል። ሁለት ጎረቤት መንደሮች በአንድ አግዳሚ ወንበር ይጣላሉ። አንደኛው ይሰርቀዋል፣ ሌላው መልሶ ይሰርቀዋል። ከከተማ የፖሊስ አዛዥ ነገሩን ሊያጣራ ይመጣል፣ እሱም ይጠፋል። በመጨረሻ አግዳሚው ሜዳ ላይ በዝናብ በስብሶ ይገኛል፤ የሁለቱም መንደር ሰዎች የሚቀመጡበት አጥተው ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። አለቀ። ተኩስ የለ፣ መሳሳም የለ። በ1973 በጋ እዚሁ ሃግዴል ነው የቀረጹት። ሲወጣ ማንም አላየውም። ጋዜጦቹ ጊዜ ማባከን ነው አሉት። ከዚያ በአንድ የገና ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ አለፈ፣ በሚቀጥለውም ገና አለፈ፣ ተማሪዎች ይዘውት ከረሙ፣ ተማሪዎቹ አረጁ፣ ልጆቻቸውን አስተማሩ። አሁን በየዓመቱ መስከረም በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከሁለት መቶ በላይ ሰው እንደ አዛዡ ባርኔጣ ደፍቶ፣ አግዳሚ ስለሌለ ለመቀመጫ ትራስ ይዞ ወደ መንደራችን አዳራሽ ይጎርፋል። የሚያውቁትን ለመስማት ከብሪስቶል ድረስ ይነዳሉ! ያውም ለመስማት አይደለም፤ ከተዋናዮቹ ቀድመው ለመጮህ ነው።

ትሬቨርን አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። "ይሄን ያህል ምኑ ነው የሚያስቀው?" አልኩት።

"ማንም አያሸንፍበትም" አለኝ። ቀጠለና ግን፣ መቼም ሊተወኝ አይችልም፣ "በትክክል እንናገር ከተባለ ደግሞ በጎቹ አሥራ አራት ናቸው። አሥራ አምስተኛው ውሻ ነው" አለ።

ሰውየው እንዲህ ነው። የስምንት ዓመት ሕፃን ስለ አዛዡ ካፖርት ቁልፎች ተሳስታ ብትናገር ጉልበቱን አጥፎ፣ ዓይኗን እያየ ያርማታል፤ "ስድስት ናቸው፣ የኔ ፍቅር፤ ሰባተኛው ከበጎቹ በኋላ ይወድቃል" ይላታል። ሕፃኗ ታለቅሳለች። እሱ ትክክል ስለሆነ አይጸጸትም። ከሊድስ የመጣ አንድ ፕሮፌሰር መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ፊልሙ ጥልቅ ትርጉም ሲያብራራ፣ ትሬቨር ከመጨረሻው ረድፍ እጁን አውጥቶ፣ "ይቅርታ፣ ያ ድልድይ አይደለም፣ የውሃ ቱቦ ነው" ብሎት ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አጣጥፎ ወረደ። ከአዳራሹ በኋላ እንግዶቹን ቀረጻው ወደተካሄደበት ካብ የሚወስዳቸውም እሱ ነው። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሞ ኪሳቸውን ይፈትሻል፤ ለማስታወሻ ብለው ድንጋይ ይሰርቃሉና። "ጌታዬ፣ እሱን ከየት አነሱት? ይመልሱት፤ ከላይ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ አምስተኛው ነው።" ይህን ሳይ ብቻ ነው ለትንሽ ደቂቃ የማልጠላው።

ካቡን የካበው አባቴ ነው።

ክሊፎርድ ሄሊዌል ይባላል፣ ካብ ሠሪ ነበር። በዚህ ሸለቆ ዙሪያ፣ ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ካያችሁ ግማሹ የእጁ ሥራ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ሲመጡ አንድ የገበሬ ሚና የያዘ ተዋናይ ታመመባቸው፤ ካቡ ላይ ተቀምጦ ምሳውን የሚበላ ሰው አዩ፤ "አንተ ትሆናለህ" አሉት። አዛዡ መጥቶ፣ "አግዳሚ ወንበር በዚህ ሲያልፍ አይተሃል?" ይለዋል። አባቴም የሥጋ ፓዩን አኝኮ፣ አስቦ፣ "አልፏል። የቸኮለ ግን አይመስልም" ይላል። በቃ። አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። የታወቀችው፣ በሻይ ብርጭቆ ላይ የሚያትሟት፣ ባቡር በዘገየ ቁጥር መላው አገር የሚላት መስመር የአባቴ ናት።

በሚቀጥለው የካቲት፣ ፊልሙ ከመታየቱ ስድስት ሳምንት በፊት፣ ልቡ ቀጥ አለ። እኔ ሦስት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ፊቱን ከሠርጉ ፎቶ አውቀዋለሁ፤ አፉን ገጥሞ ነው የተነሳው። አንድ የፊት ጥርሱን የድንጋይ ፍንጣሪ ሰብሮበት ያፍርበት ነበር አለችኝ እናቴ። ድምፁን ግን አላውቀውም። በቤታችን ቴፕ መቅጃ አልነበረም። ካብ የሚክብን ሰው ድምፅ ማን ይቀዳል?

እናቴ ፊልሙ ሃሊፋክስ ሲመጣ አልሄደችም። ሐዘን ላይ ነበረች፤ "ፊልሙ የትም አይሄድም፣ ሲሻለኝ አየዋለሁ" አለች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ለገና፣ ቴሌቪዥን ላይ ሊታይ ነው ተባለ። አክስቴን ጠራች፣ ጎረቤት ጠራች፣ እኔን ፊት አስቀመጠችኝ። "አሁን አባትሽ ይናገራል" አለችኝ። አዛዡ መጣ። አባቴ አኘከ። አፉን ከፈተ። የወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

እናቴ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። "ያ ክሊፍ አይደለም" አለች። አክስቴ ሻይ ጣደች፤ በእኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ሲሆን ሻይ ነው የሚጣድለት። ቆይቶ ነው ነገሩ የታወቀው። ፊልሙ ሃሊፋክስ አንድ ሳምንት ታይቶ ካበቃ በኋላ ለንደን ያሉት ጌቶች የኛን ሰዎች አነጋገር የደቡብ ሰው አይረዳውም ብለው የመንደሩን ሰው ሁሉ ድምፅ አውጥተው በተዋናይ ድምፅ ተኩት። የድሮውን ጣሉት። የአባቴን አፍ ትተው ድምፁን ወሰዱት። ያችን ሳምንት እናቴ ቤት ተቀምጣ አሳለፈቻት። እስከ ዕለተ ሞቷ ፊልሙን ዳግመኛ አላየችም፣ እኔም መስመሩን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ትሬቨር የሚመጣው። በጎችን የሚቆጥረው፣ ቁልፎችን የሚቆጥረው ይህ ሊቅ፣ ከፊልሙ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይሳሳታል። የአባቴን መስመር! "የኔ ፍቅር" የሚል ይጨምርባታል። እርግጥ እኛ ዘንድ ወንድ ለወንድም "የኔ ፍቅር" ይላል፤ ነጂው ለተሳፋሪው፣ ሥጋ ሻጩ ለቄሱ ይለዋል፤ ማንም ልብ አይለውም። ፊልሙ ላይ ግን የለም። መሃል ላይ ደግሞ ጥርሱን ገጥሞ አንዲት ቀጭን ፉጨት ያሰማል፣ ዶሮ እንደሚጠራ ሰው። ድምፁን መስረቃቸው ሳያንስ በላዩ ላይ ማሾፍ! ባየኝ ቁጥር ይላታል። ለሌላው ሰው እንደነገሩ ነው የሚላት፤ እኔን ሲያይ ግን ቆም ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከነፉጨቷ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ለቆጣሪ በር ስከፍትለት አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ ከአውቶቡስ ስወርድ አለኝ። ባሌ ጥሎኝ በሄደ ሰሞን ሱቅ ውስጥ አለኝ።

የእናቴ ቀብር ዕለት ደግሞ፣ አስከሬኗን የያዘው መኪና በዝናብ ውስጥ ዳገቱን በቀስታ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ሳለ፣ ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ።

"አልፏል፣ የኔ ፍቅር።" ፉጨት። "የቸኮለ ግን አይመስልም።"

በጥፊ ልመታው እጄ ተነሥቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ነው የያዘኝ። አሥራ አምስት ዓመት ይቅር አላልኩትም፤ ሰላምታውንም አልመለስኩም።

ባለፈው መስከረም ቤቱን ሸጦ ፕሊመዝ ወደምትኖረው ልጁ ሊሄድ ነው ተባለ። አገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ነው። የአዳራሹ በዓል ላይ መጨረሻው ነው፣ ያውም ለባቡሩ ስለሚቸኩል ፊልሙ ሳያልቅ ይወጣል አሉ። ለዓመታት አዳራሹን ረግጬው አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሄድኩ። መሄዱን በዓይኔ ለማረጋገጥ ነው የሄድኩት፣ አልዋሽም።

አዳራሹ በእርጥብ ካፖርትና ሆምጣጤ በተረጨበት የድንች ጥብስ ሽታ ታፍኗል። የትሬቨር ሻንጣ በሩ ሥር ቆማለች። ሁለት መቶ ሰው እየጮኸ ነው፤ ተዋናዮቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ አይሰሙም። ከዚያ ካቡ ታየ፣ አዳራሹም ጸጥ አለ። ልማዳቸው ነው፤ እዚህ ጋ ሁሉም ዝም ይላል፣ ትሬቨር ብቻ ይነሣል፣ የፊልሙ ድምፅ ይዘጋል።

አዛዡ ባርኔጣውን አስተካክሎ ተጠጋ። አባቴ ያኝካል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አሁን በአሥራ አምስት ዓመት እበልጠዋለሁ።

"አልፏል፣ የኔ ፍቅር" አለ ትሬቨር። ፉጨት። "የቸኮለ ግን አይመስልም።"

ሕዝቡ ሊደግም አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት።

"እንደሱ አይልም!"

ሰው ሁሉ ዞረ። ፊልሙ ያለ ድምፅ ይሄዳል።

"እንደሱ አይልም፣ ትሬቨር! 'የኔ ፍቅር' የሚል የለም! ፉጨት የሚባል የለም! ዕድሜህን ሙሉ የሰው በግ፣ የሰው ቁልፍ ስትቆጥር ኖረህ አንዲት መስመር በትክክል ማለት አቃተህ? ያውም የአባቴን? ያውም እናቴ ቀብር ላይ?"

"እባክሽ ተቀመጪ፣ እመቤት" አለ አንድ ትራስ ያቀፈ ወፍራም ሰውዬ። "በጎቹ ሊመጡ ነው።"

"አንተ ዝም በል!" አለው ትሬቨር። ሰውን ሲቆጣ ያኔ ነው ያየሁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "በትክክል እንናገር ከተባለ" ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለም። የሹራቡን እጅጌ ይጎትት ጀመር።

"ጊል" አለኝ፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እናቴ ነበረች እንዲህ የምትለኝ። "እኔ እኮ የፊልሙን አይደለም የምለው።"

"ታዲያ የማንን ነው?"

"የክሊፍን ነው።"

እጅጌውን ለቀቀው።

"የመጀመሪያው ሳምንት" አለ። "ሃሊፋክስ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሲኒማው በር ላይ ትኬት ትቆርጥ ስለነበር በነፃ ነበር የምገባው፤ ሰባቱንም ቀን አየሁት። ያኔ ገና አልቀየሩትም። የራሱ ድምፅ ነበር። 'አልፏል፣ የኔ ፍቅር' ነው ያለው፣ ለአዛዡ! ሰው በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ። ለንደኖቹ አልገባቸውም መሰለኝ፣ ቆረጡት።"

"ፉጨቱስ?"

"እሱ እንኳ ፉጨት አይደለም" አለ። "ጥርሱ ነው። ትንፋሽ ሲወስድ በተሰበረው በኩል ይወጣ ነበር።"

ተቀመጥኩ።

"የምታውቂ መስሎኝ ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እናትሽ የነገረችሽ መስሎኝ። ለዚያ እኮ ነው ባየሁሽ ቁጥር የምለው። እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው።"

እንዳይጠፋብሽ! ይህን ለመናገር አንድ ሰው ሃምሳ ዓመት ይፈጅበታል? እኔስ "ምን ማለትህ ነው?" ብሎ ለመጠየቅ ሃምሳ ዓመት ይፈጅብኛል? የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ውድ ነገር ሰጥቶ በቀልድ ይጠቀልለዋል፣ ተቀባዩም ሳይፈታው ይወረውረዋል፣ ሁለቱም ጨዋ ሆነው ይሞታሉ። ትሬቨርን ስረግም የኖርኩበት ንዴት ያለ ባለቤት ቀረና ወደ ራሴ ተመለሰ። ደረጃ ሥር ከጨለማው የመጣው ድምፅ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የመጣው፣ ሱቅ ውስጥ የመጣው፣ ሁሉም እሱ ነበር። እናቴም በዳገቱ ስትወጣ ባሏ ነበር የሸኛት። እኔ ደግሞ ልመታው እጄን አነሣሁ።

በጎቹ መጡ። አንድ ሰው ድምፁን መልሶ ከፈተ። "አሥራ አራት!" ብሎ ጮኸ ሕዝቡ፣ "አሥራ አምስተኛው ውሻ ነው!" አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ የትሬቨር ትምህርት ነው፣ ከዓመት ዓመት ያሰለጠናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴ ርሶ።

ቀና ስል በሩ ሥር ሻንጣዋም ትሬቨርም የሉም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶብኝ ነበር። ለንደኖቹ "የኔ ፍቅር"ን ከቆረጡ ሌላም ነገር ቆርጠው እንደሆነስ? አባቴ ሌላ ነገር ተናግሮ እንደሆነስ? አዛዡ ከሄደ በኋላ ስቆ እንደሆነስ? ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ሰባት ጊዜ የሰማ፣ ያውም አንድ ቁልፍ የማይረሳ ሰው። ትራሶችን እየረገጥኩ ወጣሁ። ካፖርቴን እንኳ አልያዝኩም። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሮጥኩ፣ በካቡ ሥር ሮጥኩ፣ ማቆሚያው ጋ ስደርስ የእሑዱ የመጨረሻ አውቶቡስ ዳገቱን ጨርሶ ሲታጠፍ የኋላ መብራቱን ብቻ አየሁት። እጄን አውለበለብኩ። ነጂው ቢያየኝም የኛ አገር ነጂ ነው፣ አይቆምም።

ደብዳቤ ይጻፍለታል። ልጁ ስልክ ይኖራታል። አውቃለሁ። ግን ፉጨት በደብዳቤ አይመጣም፤ በስልክ ደግሞ፣ ትሬቨርን ስለማውቀው፣ ስለ አየሩ ብቻ ነው የሚያወራኝ።

እዚያው ቆሜ ሳለ አንዲት ሴት ሁለት ከረጢት ተሸክማ እያለከለከች ከታች ብቅ አለች። የዚሁ ሸለቆ ሰው ናት፣ ስሟን ግን አላውቅም።

"የሃሊፋክሱ አለፈ እንዴ?" አለችኝ።

"አልፏል፣ የኔ ፍቅር" አልኳት።

ከዚያ ጥርሴን ገጥሜ ትንፋሽ ወሰድኩ። ጥርሴ ሙሉ ስለሆነ አላፏጨም። ሴትዮዋ ግን ከረጢቶቿን መሬት አስቀምጣ አየችኝ፤ ቀሪውን እየጠበቀች ነበር።